በአሣ ቤት የተገኘ ጠብ

ሲያትል ውስጥ እንግዳ መጥቶባችሁ አሣ ቤት ካልወሰዳችሁት እንግዳው መጣ አይባልም። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ እኔ ስመጣ ወጥቶ ነው የቆየኝ። ተራራውን ላሳየው ብትሉ ደመና ይሸፍነዋል። ፎቅ ላሳየው ብትሉ ፎቅ የት የለም? ዞሮ ዞሮ እንግዳው ውሃው ዳር ይወሰዳል። ፌሪ ከሚሉት አሻጋሪ መርከብ መሳፈሪያ አጠገብ ካሉት አሣ ቤቶች ባንዱ ይቀመጣል። የባሕር ወፍ ድንቹን እንዳይነጥቀው በአንድ እጁ እየተከላከለ በሌላው ይበላል። ፎቶ ይነሳል፣ ፎቶው አዲስ አበባ ይላካል። በቃ፣ እንግዳው መጣ ማለት ነው።

የእኛ እንግዳ ግን የዋዛ እንግዳ አልነበሩም። የባለቤቴ እናት ነበሩ።

እማማ ዘነበች የመጡት በደርግ ጊዜ ነው። ያኔ አንዲት እናት ውጭ አገር ያሉ ልጆቿን ለማየት መውጫ ፈቃድ እስክታገኝ ድረስ የማታንኳኳው በር አልነበረም። እሳቸውም አንኳኩተው አንኳኩተው መጡ። እዚህ አገር ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው። ታላቁ መኮንን ዳላስ ነው። ታናሹ ታደሰ የኔው ባል ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነበር፦ መጀመሪያ እኛ ዘንድ ትንሽ ይቆያሉ፣ ከዚያ ዳላስ ሄደው ይኖራሉ። መኮንን ቤት ገዝቷል፤ ቤቱ ጓሮ አለው። እኛ ዋይት ሴንተር የሚባል ሰፈር አፓርትመንት ተከራይተን ነው ያለነው። ጓሯችን በመስኮት የሚታየው የመኪና ማቆሚያ ነው።

ችግር የመጣው በሥጋ በኩል ነው። እማማ ዘነበች ማን እንዳረደው የማያውቁትን ሥጋ አይበሉም። አንድ ቀን ሱፐርማርኬት ይዣቸው ብሄድ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ዶሮ አንስተው አገላብጠው አዩና «ማነው ባርኮ ያረደው?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ላዩ ላይ የተጻፈው ዋጋው ብቻ ነው። ዶሮውን ወደ ቦታው መለሱት። ቀስ ብለው፣ እንዳይከፋው ብለው ነው የሚመስለው።

እና ሽሮ በሉ። ምስር በሉ። ጎመን በሉ። መኮንን ይህን በስልክ ሲሰማ ምክንያት አገኘ። «እኛ እዚህ ከከተማ ወጣ ብለን ገበሬ ዘንድ ሄደን፣ በራሳችን እጅ ነው በግ የምናርደው» አለ። «እናቴን በምስር ትጨርሷታላችሁ እንዴ? ቶሎ ላኳት።» ታደሰ ስልኩን ዘግቶ ዝም አለ። ታናሽ ወንድም ሆናችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ ያንን ዝምታ።

በዚህ መሐል እኔ የራሴ ነገር ነበረኝ። ለማንም አልነገርኩትም፤ ለእናንተ ግን ልንገራችሁ። ትምህርቴን ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። መንገድ ላይ ወጣት የሚታፈስበት ጊዜ ነበር። አባቴ «ከነነፍስሽ ቤት ተቀመጪልኝ» አሉኝ፤ ተቀመጥኩ። ከቤት ወደ ትዳር፣ ከትዳር ወደ ሱዳን፣ ከሱዳን ወደ ሲያትል። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ታዲያ የማታ ትምህርት የሚሰጥበት ኮሌጅ አውቶቡሳችን በሚያልፍበት መንገድ ላይ አለ። ቀኑ ቶሎ በሚጨልምበት በክረምቱ ጊዜ መስኮቶቹ በርተው ይታያሉ። ውስጡ የተቀመጡት ሰዎች ወጣቶች አይደሉም፤ እንደኔ ያሉ፣ ከኔም የሚበልጡ ናቸው። አንዷ ሁልጊዜ እርሳሷን ጸጉሯ ውስጥ ትሰካለች። አውቶቡሱ መብራት ይዞት ሲቆም ደስ ይለኝ ነበር።

ግን ልጆቹን ማን ይይዝልኛል? ሳባ አምስት ዓመቷ ነው። ናቲ ገና መዳህ መጀመሩ ነው። ታደሰ ከተማው መሐል መኪና ፓርክ በማድረግ ነው የሚሠራው፤ ከሰዓት በኋላ ገብቶ ሲመሽ ይወጣል። አንድ ጊዜ ነገሩን አንስቼለት «እናያለን» አለኝ። ባል እናያለን ሲል ምን ማለት እንደሆነ ላገባች ሴት አላስረዳም።

እማማ ዘነበች ከመጡ ወዲህ ናቲ ከጀርባቸው አይወርድም። ሳባ በእንግሊዝኛ ትናገራለች፣ እሳቸው ባማርኛ ይመልሳሉ፣ ሁለቱም ደህና ይጫወታሉ። እሳቸው እኛ ዘንድ ቢቀሩ እኔ እማራለሁ። ዳላስ ከሄዱ ያው መስኮት ማየት ነው። ነገሩ ይኸው ነው። ታዲያ እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? ምራት አማቷን ሞግዚት ሁኑልኝ ትላለች? እሳቸውም ቢሆኑ «እዚህ አስቀሩኝ» ብለው የሚለምኑ ሴት አይደሉም። በልጃቸው ቤት እንግዳ ነኝ ብለው ውሃ እንኳ ሲጠማቸው «ናቲ ውሃ ሳይፈልግ አይቀርም» ነው የሚሉት።

አንድ ቀን ታደሰ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ «አሣ» አለ።

«ምን አሣ?» አልኩት።

«አሣ አራጅ የለውማ። ከውሃ ወጣ፣ ሞተ። ማን ባረከው የሚባል ጥያቄ የለም።»

እውነቱን ነው። ሊቃውንት ያላሰቡትን አሰበ ብዬ በሆዴ አደነቅኩት። አሣ ቤቱንም መርጦ ነው የመጣው። እሱ ዘንድ መኪናውን የሚያቆም ሐሰን የሚባል ሞሮኳዊ አለ፤ ውሃው ዳር አሣ ቤት ከፍቷል። ያደገው እዚያው ሞሮኮ፣ ባሕር ዳር ባለ ከተማ ነው። ቁልፉን በሰጠ ቁጥር ስለዚያ ከተማ ሳያወራ አይሄድም አሉ። እዚያ አሣ የሚበላ ሰው ሜኑ አያይም። ወደቡ ላይ ይሄዳል፣ ከጀልባ የወረደውን በጣቱ ያሳያል፣ ዓይኑ እያየ ከሰል ላይ ይጠበስለታል፣ ይበላል። «የሲያትል አሣ ጥሩ ነው፣ የሚበሉት ሰዎች ግን ያሳዝኑኛል» ይላል አሉ ሐሰን።

እሑድ ከቤተክርስቲያን መልስ ሄድን። እማማ ዘነበች የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላ ደርበው፣ ከሁሉ በላይ የታደሰን የዝናብ ጃኬት ደርበዋል። ያምርባቸው ነበር። እኔ ሚጥሚጣ በትንሽ ብልቃጥ አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ፤ ያላወቁት አገር ምግብ ያለ ሚጥሚጣ አይሞከርም። ታደሰ ግን መኪና ውስጥ ቃል አልተነፈሰም። ይህ ምሳ ካልያዘለት እናቱ ዳላስ ናቸው። እኔም ምክንያቴን ታውቃላችሁ፣ ቃል አልተነፈስኩም። ይህን ዝምታችንን ያዙልኝ፣ በኋላ ይቆጠርብናል።

በሩ ላይ ትልቅ የመስታወት ገንዳ አለ። ውስጡ እነዚያ ባለ ሁለት መቆንጠጫ የባሕር ፍጥረቶች ይርመሰመሳሉ፤ ሎብስተር ነው የሚሏቸው። እርስ በርስ እንዳይቆራረጡ መቆንጠጫቸው በላስቲክ ታስሯል። እማማ ዘነበች ቆሙ። ጎንበስ ብለው አዩ።

«ምን አጥፍተው ነው የታሰሩት?» አሉ።

ታደሰ ሊበሉ ነው አላለም። ብልህ ልጅ ነው። «ይጣላሉ እማዬ» ብሎ አለፈ።

«ታዲያ የሚያስታርቃቸው ሰው ጠፍቶ ነው የሚያስሯቸው?» አሉና ተከተሉት።

ገብተን ተቀመጥን፤ ናቲ በጋሪው ውስጥ ተኝቷል። ከጎናችን አንድ ትልቅ ሰውዬ፣ ክራቫት ያሰረ፣ አንገቱ ላይ የፕላስቲክ መሐረብ አሥረውለታል፤ ለናቲ የማስርለት ዓይነት። በእጁ ትንሽ የእንጨት መዶሻ ይዞ ሸርጣን ይቀጠቅጣል። እማማ ዘነበች ሸርጣኑን አይተው አማተቡ። ክንፍና ቅርፊት የሌለው ነገር ከባሕርም ቢወጣ አሣ አይባልም። ሰውዬውን ግን ራሩለት። «እናቱ አብራው አልመጣችም?» አሉኝ።

ከዚያ አስተናጋጇ መጣች። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ወይም የተስተካከለው፤ እናንተ ትፈርዳላችሁ። አስተናጋጇ ታደሰን ምን ትበላለህ አለችው። የራሱንም የእናቱንም ተናገረ። እሱን ጨርሳ እኔን ጠየቀችኝ። እኔን ጨርሳ፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ የምትጠርገውን ሳባን ጠየቀቻት። ሳባ «ፊሽ ኤንድ ቺፕስ» አለች፣ እንደ ባለሥልጣን። እማማ ዘነበች አንዴ አስተናጋጇን አንዴ ልጃቸውን እያዩ ነበር። አባወራ ተቀምጦ ሕፃን ምሳ ያዛል?

ምግቡ መጣ። ለታደሰ አንድ ሰሃን፣ ለኔ አንድ ሰሃን፣ ለሳባ አንድ ሰሃን። ለእማማ ዘነበች እሳቸው እንዲያምኑት ከነጭንቅላቱ የተጠበሰ ሙሉ አሣ በአንድ ትልቅ ሰሃን። አስተናጋጇ እያንዳንዱን ከፊታችን አስቀምጣ፣ «ኢንጆይ» ብላ ሄደች።

እማማ ዘነበች እጃቸውን ወደ ሰሃኑ ዘርግተው ነበር። መልሰው ጭናቸው ላይ አደረጉት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ።

«ምኑ እማዬ?» አለ ታደሰ።

«ጠቡ።»

ታደሰ ሹካውን እንደያዘ ቀረ። «የምን ጠብ?»

«ባልና ሚስት ሰሃን ለይተው የሚበሉት ሲጣሉ ነው። መኪና ውስጥም አልተነጋገራችሁም፤ ዓይኔ አይቷል። ለካ እኔን ያመጣችሁኝ ለሽምግልና ኖሯል። ምነው ቤት ሳለን ብትነግሩኝ?»

«ኧረ አልተጣላንም። የአገሩ ወግ ነው፣ ሁሉም ለየብቻው ነው የሚበላው። እያቸው» አለና ዙሪያውን አሳያቸው።

አዩ። ባለ መዶሻውን አዩ፣ ባልና ሚስቶቹን አዩ፣ ቤተሰቡን ሁሉ አዩ። ሁሉም በየሰሃኑ አቀርቅሯል። «ይሄ ሁሉ ሰው ተጣልቷል?» አሉ፣ ከልባቸው አዝነው። ከዚያ ወደ ሳባ ዞሩ። «የኔ ልጅ፣ አባባና እማማ ይጣላሉ?»

ሳባ ድንቿን እያኘከች «ሳምታይምስ» አለች።

«ምን አለች?»

ታደሰ ውሸት አይችልበትም፤ ያገባሁትም ለዚህ ነው፤ የማዝነውም በዚህ ነው። «አልፎ አልፎ አለች» አለ ዝቅ ብሎ።

አለቀ። ሽምግልናው ተጀመረ። ፌሪው ከመስኮቱ ውጭ ጥሩንባውን ይነፋል፣ አሣው ይቀዘቅዛል፣ እማማ ዘነበች ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ታደሰን ጠየቁት። ምን አስቀየመችህ? ምንም አላስቀየመችኝም። ምግብ ታበላሻለች? አታበላሽም። ትሳደባለች? እሷ? እሷ እኮ ከተናገረች ነው። ይሄንን ሰምተው ወደኔ ዞሩ።

«አንቺስ ልጄ? ምን ጎደለብሽ?»

አስቡት እንግዲህ። ትምህርት ስተው ማንም አልጠየቀኝም። ስዳር ማንም አልጠየቀኝም። ሱዳን ስንወጣ ልብስ ያዢ ነው የተባልኩት። ጎደለብሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ትልቅ ሰው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። እሱም በማይሆን ቦታ፣ በስህተት። «ምንም» ልል ነበር። አፌ ግን «ትምህርት» አለ።

«ምን አልሽ?»

«የማታ ትምህርት። ስምንተኛ ላይ ነው ያቆምኩት። ልጆቹን የሚይዝልኝ ስለሌለ ነው። ታደሰ እናያለን ብሎኛል።»

እማማ ዘነበች ልጃቸውን አዩት። «አየህ?» አሉት። «ጠብ የለም አላልክም?»

ታደሰ የሚገባበት ጠፋው። በዚያው ቅጽበት ሐሰን ከወጥ ቤት ወጣ፣ እናትየውን ሰላም ሊል። ሽርጡን አስሮ፣ ፊቱ በፈገግታ ሞልቶ። መጥቶ ግን ምን አየ? ያልተነኩ ሦስት ሰሃኖች፣ እጃቸውን አጣጥፈው የተቀመጡ እናት፣ ላብ ያጠመቀው ታደሰ። ምግቡ ተበላሸ ብሎ ደነገጠ። ታደሰ ተጨንቆ ተጨንቆ ነገረው፤ እናቴ በሰሃኑ ምክንያት ተጣልታችኋል አለችን አለው።

ሐሰን ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለእማማ ዘነበች ጎንበስ አለ። ለታደሰም እንዲህ አለው፦ እናትህ እውነታቸውን ነው። የኔ እናት ብትሆን ይሄንን አይታ ጎረቤት ሁሉ ትጠራብኝ ነበር። እኔም ለአሜሪካኖች ስሠራ ከርሜ እንዴት እንደሚቀርብ ረስቼዋለሁ። ይህን ብሎ ሰሃኖቹን አንድ ባንድ ራሱ ሰብስቦ ሄደ። ሳባ ድንቿን ልትሰጠው አልፈለገችም፤ የሷ ቀረ።

ሲመለስ አንድ ሰፊ ትሪ ይዟል። አሣዎቹ ሁሉ እላዩ ላይ ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ ከሙንና ነጭ ሽንኩርት ተነስንሶባቸዋል፣ ሎሚ ተጨምቆባቸዋል፣ ዙሪያውን ቂጣ የሚመስል ዳቦ ተቆርሷል። ጠረጴዛው መሐል አስቀመጠው። ሹካ አላመጣም። የነበረውንም ወሰደው። የእጅ መታጠቢያ ውሃ ግን በጎድጓዳ ሳህን አመጣ።

እማማ ዘነበች «ይሄ ሽማግሌ ነው» አሉ። ሐሰን ያን ጊዜ አርባ አልሞላውም።

በላን። እንዴት እንደበላን አልነግራችሁም። እኔ አሣውን ከአጥንቱ እለያለሁ፣ ሚጥሚጣዬን ዳር ዳሩን በተንኩት። እማማ ዘነበች መጀመሪያ ለታደሰ አጎረሱት፣ ከዚያ ለኔ፤ ከዚያ እሱ ለኔ እኔ ለሱ እንድናጎርስ አዘዙ፤ እርቅ ያለዚህ አይጸናም። ለሐሰንም ተነስተው አጎረሱት። ሚጥሚጣው በዛበት መሰለኝ ዓይኑ እንባ ሞላ። እሳቸው ግን አገሩ ትዝ ብሎት ነው አሉ።

ሰው አየን? አየን። ባለ መዶሻው ሰውዬ ሥራውን አቁሞ አየን። በፊት ቢሆን ኖሮ እጄን ጠረጴዛ ስር እደብቅ ነበር። ያን ቀን ግን አንገቱ ላይ የሕፃን መሐረብ ያሰረ፣ ምሳውን በመዶሻ የሚቀጠቅጥ ሰው እኔን በምን ያሳፍረኛል አልኩ። ቀና ብዬ፣ ጣቶቼን ሰብስቤ፣ ዓይኑን እያየሁ ጎረስኩ። ሰውዬው ሳቀልኝና መዶሻውን ከፍ አድርጎ ሰላም አለኝ። ጥሩ ሰው ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ እማማ ዘነበች መኪናው ውስጥ ፍርዳቸውን ሰጡ። «እኔ ዳላስ አልሄድም። የተጣላ ቤት ትቼ የት እሄዳለሁ? ልጆቹን እኔ እይዛለሁ፣ እሷ ትማር፣ አንተም እናያለን ማለት ተው።» ታደሰ ወደኔ በመስታወቱ አየ። አልተጣላንም ልል አፌን ስከፍት ራሱን ነቀነቀብኝ። ዝም አልኩ። ዝምታ ደግሞ እችልበታለሁ።

ተማርኩ። ማታ ማታ አውቶቡሱ በር ላይ ያወርደኝ ጀመር። እርሳሷን ጸጉሯ ውስጥ የምትሰካዋ ሴት ቬትናማዊት ናት፤ አጠገቤ ትቀመጥ ነበር። መኮንን ግን ተስፋ አልቆረጠም። እየደወለ በጉን ይቆጥራል፣ ጓሮውን ያወድሳል፣ ፀሐዩን ያወድሳል። ፀሐይ ሲባል እማማ ዘነበች ልባቸው ሸፈት ሲል አያለሁ፤ ዝናባችንን ታውቁታላችሁ። ታዲያ ያን ቀን ራት ሳቀርብ ትሪውን እተወዋለሁ። ለታደሰ አንድ ሰሃን፣ ለኔ አንድ ሰሃን። እማማ ዘነበች ያዩና ይተነፍሳሉ። «ገና ነው» ይላሉ። የዳላስ ነገር በዚያው ይቀራል። መጀመሪያ ሰሞን ታደሰ «ዛሬ ደግሞ ምን አጠፋሁ?» እያለ ወጥ ቤት ድረስ ይከተለኝ ነበር። በኋላ ለመደው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ምስክር ወረቀቴን ያገኘሁ ቀን ፍሬም አስገብተው ከማርያም ሥዕል አጠገብ የሰቀሉት እማማ ዘነበች ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም። ቤታችን ለሚገባ ሰው ሁሉ ግን በጣታቸው መስመር በመስመር እየተከተሉ «እዚህ ጋ ጎበዝ ይላል» ይሉ ነበር። እኔም አላርማቸውም። እዚያ ጋ ስሜ ነው ያለው።

ታዲያ በዚያው ሳምንት መኮንን ደወለ። እንግዲህ ተምራ ጨርሳለች፣ ልጆቹም አድገዋል፣ አሁን ምን ምክንያት አላችሁ አለ። እውነቱን ነው። ምክንያት አልነበረንም። ያን ቀን ራት ሳቀርብ ልለያየው ብዬ እጄን ወደ ሰሃኖቹ ዘረጋሁ፤ ግን ፀሐዩም በጉም ሐቃቸው ነው ብዬ ተውኩት። በአንድ ትሪ አቀረብኩ። ወጥ ላመጣ ገባሁ።

ወጡን ይዤ ስመለስ ትሪው ተነስቷል። ጠረጴዛው ላይ ሰሃኖች ተደርድረዋል፦ ለታደሰ አንድ፣ ለኔ አንድ፣ ለያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ፣ ለራሳቸው አንድ። እማማ ዘነበች የመጨረሻዋን ሰሃን እያስተካከሉ ነበር።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አላዩኝም። «ደውዪለት» አሉ። «እነዚህ ልጆች ዛሬም አልታረቁም በዪው።»